ለ40 አሰልጣኝ 3 አማካሪ ይበቃል? በሰሜን ሸዋ ስለታሰበው የአሰልጣኞች ድጋፍ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በሰሜን ሸዋ የስፖርት ባለሙያ ነኝ። በየዓመቱ ለታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኞች የ5 ቀን ሥልጠና እንሰጣለን። ምሥክር ወረቀታቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ሜዳ ላይ ስንወርድ ግን የምናየው ያንኑ የድሮውን አሠራር ነው። አሁን ከደብረ ብርሃን ልምድ ያላቸው 3 አሰልጣኞች መድበን በየወረዳው ያሉ 40 የእግር ኳስና የአትሌቲክስ አሰልጣኞችን ለአንድ ዓመት እንዲያማክሩልን አስበናል። አብዛኞቹ የስፖርት መምህራን ናቸው። አማካሪዎቹ በወር አንድ ጊዜ እየዞሩ ያያሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ በዞን ሻምፒዮና ውጤት እንመዝናለን። ያስኬዳል?»

ሐሳቡ ያስኬዳል፤ ስሌቱ ግን አያስኬድም። 40 ለ3 ሲካፈል ለአንድ አማካሪ 13 ወይም 14 አሰልጣኝ ይደርሰዋል። አንድ ጉብኝት ከነመንገዱ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ወይም አጣዬ ድረስ ከሆነ ሙሉ ቀን ነው፣ ልምምዱ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆንም አዳር ይኖረዋል። በወር አንድ ጊዜ ሁሉንም ለማዳረስ አማካሪው ከወሩ የሥራ ቀናት ከግማሽ በሚበልጡት ለጉብኝት ይወጣል ማለት ነው። መደበኛ ሥራ ያለው ሰው ይህን አይችለውም። በመጀመሪያው ወር ሁሉንም ያያል፤ በሦስተኛው ወር አስፋልት ዳር ያሉትን ብቻ ያያል፤ በአምስተኛው በስልክ «እንዴት ነው?» ብሎ ቅጹን ይሞላል።

የ5 ቀኑን ሥልጠና ግን አይጣሉት። ሥልጠናው የሚችለውን ያህል ሠርቷል፤ ዕውቀት ሰጥቷል። ልማድን ይቀይራል ብሎ መጠበቁ ነው ስህተቱ። ሰው ልጆችን የሚያሠራው ራሱ ልጅ ሳለ በተሠራበት መንገድ ነው። አዳራሽ ውስጥ ስለ አነስተኛ ጨዋታና ስለ ዕድሜ ክፍል ሲነገረው ከልቡ ይስማማል። ሰኞ በ10 ሰዓት 30 ልጅና ሁለት ኳስ ፊቱ ሲቆሙ ግን ልጆቹን አሰልፎ ተራ ወደሚያስጠብቅበት የድሮ አሠራሩ ይመለሳል። ይህን የሚያላቅቀው በዚያው ሜዳ፣ ከእነዚያው ልጆች ጋር ሲሠራ እያየ ደጋግሞ የሚያነጋግረው ሰው ነው። በሌላ በኩል የአማካሪ ድጋፍ የፈቃድ ሥልጠናን አይተካም። በእግር ኳስ የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ዲ፣ ሲ፣ ቢና ኤ ላይሰንስ የሚገኘው በፌዴሬሽኑ በኩል ነው፤ አንድ ዓመት የተማከረ አሰልጣኝ በዚያ ምክንያት ደረጃው ከፍ አይልም። ይህን ገና ከጅምሩ በግልጽ ካልነገራችኋቸው ዓመቱ ሲያልቅ የሚጠብቁት ወረቀት ስለሚኖር ቅሬታው ወደ እናንተ ይመጣል።

ሁለተኛው መታረም ያለበት አማካሪን ከሱፐርቫይዘር ጋር ማምታታት ነው። «እየዞሩ ያያሉ» የሚለው አባባላችሁ ወደዚያ ያዘነበለ ይመስላል። አሰልጣኙ የሚመጣው ሰው ለሥራ አፈጻጸሙ ነጥብ እንደሚሰጥ ካወቀ ችግሩን አያሳየውም፤ ለዚያ ቀን ያዘጋጀውን፣ ምርጥ ልጆቹን የመረጠበትን ልምምድ ያሳየዋል። ስለዚህ አማካሪው ስለ አሰልጣኙ ለጽሕፈት ቤቱ የሚያቀርበው ሪፖርት አይኑር። ከሱ የሚጠበቀው የጉብኝቱ ቀን፣ ቦታና የሁለቱ ፊርማ ብቻ ይሁን። ከዚህ የሚወጣው የልጅን ደኅንነት የሚነካ ነገር ሲያይ ነው፤ ድብደባ፣ ስድብ፣ ያልተገባ ቀረቤታ። ያን ወዲያውኑ ያሳውቃል፣ ይህም ገና ሲጀመር ለአሰልጣኞቹ ሁሉ ይነገር።

የስፖርት መምህራኑ ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደሉም። ትምህርት ቤት ውስጥ አዲስ ተቀጣሪ በሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ጊዜው አማካሪ መምህር ይመደብለታል፤ ነባሩም በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ ማለትም ተሙማ፣ ይጠበቅበታል። ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ የጉብኝቱና የውይይቱ ሰዓት ከ60ው እንዲታሰብ ካደረጋችሁ መምህሩ ከሥራው ላይ ሌላ ሸክም እንደመጣበት አይቆጥረውም። አንድ ነገር ብቻ ከዚያ አትውሰዱ፦ ፖርትፎሊዮውን። ተሙማ በብዙ ቦታ ሐምሌ ሲደርስ የሚሞላ ወረቀት ሆኖ የቀረው በዚያ ነው።

አሁን ወደ መልክዓ ምድሩ። የሰሜን ሸዋን ካርታ በወረዳ ድንበር ማየቱን ትተው በመንገድ ያንብቡት። ደብረ ብርሃን ከጫጫ፣ ከአንኮበር፣ ከደነባና ከእነዋሪ ጋር አንድ መስመር ይሆናል። ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ የሚገነጠለው የመንዝ መንገድ፣ ሞላሌና መሐል ሜዳ፣ ሁለተኛው ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ሦስተኛው። ዓለም ከተማ ከጀማ ሸለቆ ማዶ ስለሆነች መርሐቤቴና ሚዳ ራሳቸውን ይቻሉ። አረርቲም ከደብረ ብርሃን ይልቅ ለሞጆና ለአዳማ ስለምትቀርብ ምንጃር ሸንኮራ ከበረኸት ጋር አምስተኛው መስመር ይሁን። አማካሪ የሚመረጠው ከየመስመሩ ነው፤ በአንድ የሚኒባስ ጉዞ ደርሶ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው።

መስመሩ ለትራንስፖርት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ሜዳ ከ3,000 ይዘላል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ ነው። አንድ የአትሌቲክስ ዕቅድ ለሦስቱም አይሆንም። ሸዋ ሮቢት ላይ 400 ሜትርን 6 ጊዜ በ90 ሰከንድ እረፍት የሚሠራ ወጣት መንዝ ላይ በዚያው ሰዓትና በዚያው እረፍት ቢጠየቅ ሦስተኛው ላይ አቅሙ ያልቃል፤ አየሩ ስለሚሳሳ እረፍቱን ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ማስረዘም፣ ሰዓቱንም ማላላት ያስፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ማለዳ ማሟሟቂያው 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ቆላው ላይ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ከባዱ ሥራ በንጋት 12 ሰዓት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። ጾምም አለ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ጎረምሳ ወዲያው በልቶ በ10 ሰዓት ፍጥነት ቢሠራ ሆዱን ይይዘዋል፤ በረመዳን ደግሞ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ውኃ ሳይቀምሱ የሚመጡ ልጆች አሉ። በእነዚህ ሳምንታት ቀለል ያለ ሩጫና የቴክኒክ ሥራ ይበቃል። ይህን ሁሉ የአካባቢው ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ከሩቅ የሚመጣው አማካሪ ግን ዕቅዱን አንድ አድርጎ ያከፋፍላል።

አማካሪው ማን ይሁን? እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፦ በስም የታወቀውን ሯጭ ወይም የክለብ ተጫዋች የነበረውን አትምረጡ፣ ሌላ መስፈርት ካላሟላ በቀር። የሚፈለገው ከታዳጊዎች ጋር ቢያንስ 5 ዓመት የሠራ፣ አሁንም እያሠራ ያለ፣ ምላሱን መያዝ የሚችል ሰው ነው። የመጨረሻውን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። እጩው የአንድን አሰልጣኝ ልምምድ 20 ደቂቃ ይመልከት፣ ከዚያ ለ10 ደቂቃ ያወያየው፤ እናንተ ሰዓት ይዛችሁ ማን ስንት ደቂቃ እንደተናገረ ቁጠሩ። ከ5 ደቂቃ በላይ የተናገረው እጩው ከሆነ ገና ነው። ከአምስቱ የመስመር አማካሪዎች ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች እንዲሆኑ ጣሩ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ መምህራን አማካሪዎቹን በማዘጋጀትና መረጃውን በመተንተን ሊያግዙ ይችላሉ፤ የሜዳውን ጉብኝት ግን ለእነሱ መተው አያዋጣም፣ የማስተማሪያ ሰዓታቸው ከታዳጊዎች ልምምድ ጋር ይጋጫል።

በአሰልጣኝ ጉዳይ የሯጮች መፍለቂያዋ የአርሲዋ በቆጂ መነሣቷ አይቀርም። አሰልጣኝ ሥንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። ብዙ ሰው ከዚህ የሚወስደው «አንድ ጎበዝ ሰው ማግኘት ነው» የሚለውን ነው። ለእናንተ የሚጠቅመው ሌላው ክፍል ነው፤ እኚህ ሰው እዚያው ከተማ ለረጅም ዘመን ቆይተዋል። የእናንተ መምህራን ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ዝውውር ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከአንድ ቦታ አንድ አሰልጣኝ ብቻ አትያዙ፤ በአንድ ሜዳ ዋናና ረዳት ሆነው ሁለቱ አብረው ይግቡ። አንዱ ቢሄድ ሥራው ከሱ ጋር አይሄድም።

ጉብኝቱ እንዲህ ይሁን። አማካሪው ልምምዱ ከመጀመሩ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል፤ አሰልጣኙ ዛሬ ምን ሊያሠራ እንዳሰበና አማካሪው ምን እንዲያይለት እንደሚፈልግ ይናገራል። አንድ ነገር ብቻ። ልምምዱ ሲጀመር አማካሪው መስመሩ ዳር ይቆማል፤ ለልጅ አደጋ ከሌለ በቀር አፉን አይከፍትም። ደብተሩ ላይ አስተያየት አይጽፍም፣ ይቆጥራል፦ አሰልጣኙ ቆሞ የተናገረበት ደቂቃ፣ ልጆች ተራ ሲጠብቁ የቆዩበት ደቂቃ፣ ከዚያም አንድ መካከለኛ ልጅ (ጎበዙን አይደለም) መርጦ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ኳስ እንደነካ ወይም ስንት ጊዜ እንደሮጠ። ልምምዱ ሲያልቅ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ 20 ደቂቃ ይቀመጣሉ። አሰልጣኙ ይቀድማል፦ ምን አሰብኩ፣ ምን ሆነ፣ በሚቀጥለው ምን እቀይራለሁ። አማካሪው የቆጠረውን ቁጥር ያሳየዋል፣ አይተረጉመውም። በመጨረሻ አንድ የሚቀየር ነገር በሁለቱም ደብተር ይጻፍና ቀጣዩ ጉብኝት ከዚያች መስመር ይጀምራል። ሦስት አራት ነገር የሚጽፍ አማካሪ ካለ አንዱም አይቀየርም።

በብዛት የሚበላሸው የት ነው? አማካሪው ፊሽካውን ይቀበላል። «ቆይ ላሳይህ» ብሎ ሜዳ ይገባና ልጆቹን ያሠራል። ልምምዱ ያምራል፤ ነገር ግን አሰልጣኙ በገዛ ተጫዋቾቹ ፊት ተማሪ ሆኗል፣ ነገ ሲያዛቸውም ቃሉ ይቀላል። በተለይ አማካሪው ወጣት፣ አሰልጣኙ ደግሞ ከተማው ሁሉ «ጋሼ» የሚለው አንጋፋ ሲሆን ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ጉብኝት አይኖርም፤ ቀጠሮ በያዙ ቁጥር ለቅሶ ይወጣል። ወጣቱ አማካሪ «እርስዎ» እያለ፣ እርማቱን ጥያቄ አድርጎ፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ቢያነሣው ይሻላል። ማሳየት ካስፈለገ አማካሪው በራሱ ልጆች፣ በራሱ ሜዳ ያሳይ፤ አሰልጣኙ ይምጣና ይመልከት።

ቁጥሩ ምን እንደሚያደርግ በእግር ኳስ ላይ ላሳይ። 24 ልጅ፣ 2 ኳስ፣ 12–12 ሆነው በሁለት ሰልፍ ወደ ጎል ይመታሉ። አንድ ተራ 15 ሰከንድ ቢወስድ በ20 ደቂቃ ውስጥ በአንድ ሰልፍ 80 ተራ ይገኛል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ 6 ወይም 7 ምት ማለት ነው። ቀሪውን 18 ደቂቃ የቆመ ነው። አሰልጣኙ ይህን ስሌት በራሱ እጅ ሲሠራው «ሰልፍ አትጠቀም» ብሎ መምከር አያስፈልግም። አማራጩ ሦስት ትንንሽ ሜዳ፣ እያንዳንዱ 25 በ20 ሜትር፣ 4 ለ4። ሦስተኛ ኳስ ከጠፋ የጨርቅ ኳስ ይሁን። ለምልክት አፈር የተሞላ 12 የሃይላንድ ጠርሙስ በቂ ነው፤ ለጡንቻ ሥራ ደግሞ ከጎሚስታ የሚገኝ አሮጌ ከመነዳሪ ተቆርጦ ያገለግላል። ለማሟሟቂያ የፊፋ 11 ፕላስን ያስተምሯቸው፦ 15 እንቅስቃሴ፣ 20 ደቂቃ ገደማ፣ ከኳስ በቀር መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ከ14 ዓመት ጀምሮ ላሉ የተዘጋጀ፤ ጉዳት የሚቀንሰው ግን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ነው።

በአትሌቲክስ በኩል አማካሪው መጀመሪያ የሚፈልገው ቀላል የሚባለው ቀን በእውነት ቀላል መሆኑን ነው። አብዛኛው የገጠር ቡድን በየቀኑ ይሽቀዳደማል፤ አሰልጣኙም ከፊት ያለውን እያየ ይደሰታል። ቀላል ሩጫ ላይ ልጆቹ ወሬ እያወሩ መሮጥ ካልቻሉ ፍጥነቱ በዝቷል። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ላይ ሲያመው «ይለምደዋል» አይባልም። በዕድገት ወቅት ጅማቱ አጥንቱን ሲጎትት የሚመጣ ሕመም ነው፤ ዝላይና ዳገት ይቀነስለት፣ ካበጠ ወይም በእረፍትም ካልተሻለው ጤና ጣቢያ ይሂድ። አማካሪ ሐኪም አይደለም፣ መታሸትም አያዝም።

የቢሮው ጉዳይ ከሜዳው ይልቅ ፕሮግራሞችን ይገድላል። ዕቅዳችሁ የስፖርት ዘርፉ ነው፤ ሰዎቹ ግን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ናቸው። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አማካሪውን ከክፍለ ጊዜ ነፃ የሚያደርግበት የተፈረመ ደብዳቤ ከሌላችሁ የፈተና ሰሞን ሁሉም ይቆማል። ሥራውን በውሎ አበል ላይ አትመሥርቱት፤ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አበሉ ሲዘገይ ጉብኝቱም ይዘገያል። የመስመር አማካሪ የሚያስፈልገው የትራንስፖርትና የስልክ ወጪ ነው፤ እሱም የጉብኝቱ ቀን፣ ቦታና የሁለቱ ፊርማ ብቻ ያለባት ወረቀት ስትቀርብ በየወሩ ይከፈል።

መንገድ በሚዘጋበት ወይም ጸጥታ በማያስተማምንበት ሳምንት ማንም አይጓዝ። በዚያን ጊዜ አሰልጣኙ ከልምምዱ ሦስት ደቂቃ በስልኩ ቀርጾ በቴሌግራም ይላክና በስልክ ይወያዩበት። ቪዲዮው ለአማካሪው ብቻ ይላክ፤ የልጆችን ምስል የጋራ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ይከልከል፣ ለመቅረጽም የወላጅ ፈቃድ ቀድሞ ይያዝ። የቴሌግራም ግሩፕ ብቻውን ግን ድጋፍ አይደለም። በሁለት ወር ውስጥ የበዓል መልእክት መለዋወጫ ይሆናል።

ምዘናውን በተመለከተ የዞን ሻምፒዮናውን ከዕቅዱ ያውጡት። ሜዳሊያ መለኪያ ሲሆን ለአሰልጣኙ ቀላሉ መንገድ ቀድሞ የጎለመሰውን ልጅ ማሰለፍ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቀላል መንገድ ደግሞ ዕድሜ መቀነስ ነው፣ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። አራት ነገር ይለኩ፦ በአንድ ልምምድ ተራ የመጠበቂያ ደቂቃ፣ የወንዶችና የሴቶች ወርኃዊ መገኘት ለየብቻ፣ ከአንድ ሳምንት በላይ ከልምምድ ያስቀረ ጉዳት ብዛት፣ ዓመቱ ሲያልቅ አሁንም እያሠራ ያለ አሰልጣኝ ቁጥር። የመጀመሪያው ጉብኝት ላይ ካልተለኩ በኋላ የሚነጻጸሩበት መነሻ አይኖርም። እነዚህም ቢሆኑ በየመስመሩ ተደምረው ይቅረቡ፤ የአንድ አሰልጣኝ ስም አይውጣባቸው።

ድጋፉ የማይፈታውም አለ። ሜዳው ታርሶ ወይም ለግንባታ ተመርቶ ከሆነ፣ ልጁ ምሳ ሳይበላ የሚመጣ ከሆነ፣ አሰልጣኙ ለዓመታት አንዲት ሳንቲም ሳያገኝ የሠራና የታከተው ከሆነ አማካሪ መላክ ስድብ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ቦታ በመጀመሪያው ዓመት አታስገቡት።

የምመክረው ይህ ነው። 40ውን ተዉትና በ15 ጀምሩ፦ 5 መስመር፣ በየመስመሩ 1 አማካሪና 3 ዋና አሰልጣኝ ከነረዳቶቻቸው። በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጉብኝት ሲሆን ለአማካሪው በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይሆናል፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፈተናና በዓል ተቀንሶም ለእያንዳንዱ አሰልጣኝ 9 ያህል ጉብኝት ይደርሳል። ካሰባችኋቸው ሦስት የደብረ ብርሃን ሰዎች አንዱ የራሱን መስመር ይያዝ፤ ሁለቱ የመስመር አማካሪዎቹን ያዘጋጁ፣ በየመንፈቁም አንድ ጊዜ አብረዋቸው ሜዳ ይውጡ። ዝግጅቱ ሦስት ቀን ይሁን፣ ሁለቱ ሜዳ ላይ፤ የሚለማመዱት ዝም ብሎ ማየትን፣ መቁጠርንና መጠየቅን ነው፣ የእግር ኳስ ወይም የሩጫ ትምህርት አይደለም። በሁለተኛው ዓመት ከ15ቱ ውስጥ ከየመስመሩ አንድ ሰው አማካሪ ሆኖ ሲወጣ 10 አማካሪ ይኖራችኋል፤ ለእያንዳንዱ 4 አሰልጣኝ ስትሰጡ 40ው ይሞላል። ያኔ ጉብኝቱ በየአራት ሳምንቱ ይሆናል።

ምርጫው በሰኔ፣ የሁለቱ ጽሕፈት ቤቶችና የርእሰ መምህራኑ ደብዳቤ በነሐሴ፣ የአማካሪዎቹ ዝግጅት ከመስቀል በኋላ፣ የመጀመሪያው ጉብኝት በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት። ጳጉሜን ሲገባ ደብዳቤው ያልተፈረመለት መስመር ካለ እሱን ለከርሞ አቆይታችሁ በተፈረመላቸው ብቻ ጀምሩ።